ስምንት ድንጋይ የሚበላው ራዲዮ

ወዳጆቼ፣ እኔ ጥላዬን እንኳ ፈርቼ አላውቅም፣ ቆሰበር ያደገች ሴት ጉም ከፈራች ከነጭራሹ ከቤት አትወጣም፣ የእኛ አገር ጉም ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው፣ አንዱ እዚያ ውስጥ ጅብ አየሁ ይላል፣ ሌላዋ የሞተች አክስቴን አየሁ ትላለች፣ እኔ ሁልጊዜ የማየው የጎረቤታችንን አህያ ነበር። ሴቶቹ ስለ ጋኔን ስለ ዛር ሲያወሩ እኔ ምስሬን እለቅማለሁ፣ ጆሮዬን አልሰጣቸውም። እናም አሁን የምነግራችሁን ስነግራችሁ እኔም ከእናንተ እኩል እያፈርኩ መሆኔን እወቁልኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ ገና ከአሁኑ ትስቃለች፣ ትሳቅ።

ነገሩ በንጉሡ ጊዜ ነው፣ ከባለቤቴ ከሞላልኝ ጋር ከተጋባን ገና ሁለተኛው ክረምት ነበር። ሞላልኝ የቢቸና ሰው ነው፣ ወታደር ቤት ራዲዮ ክፍል ሠርቶ ተሰናብቶ የመጣ፣ ቆሰበር ላይ የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ እየሠራ የሚኖር፣ እጁ ወርቅ፣ ልቡ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቦታ። ከአማርኛ በቀር አያውቅም፣ ከአገውኛችን አንዲት ቃል አልገባችውም፣ እኔ ደግሞ በአገውኛ ነው አፌን የፈታሁት፣ አማርኛውን የለመድኩት ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ስሸጥ ነው፣ የገበያ አማርኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለመከራከር ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም።

አንድ ቀን ሞላልኝ አባቴ በሠርጌ የሰጡኝን ጊደር እየነዳ ጫግኒ ወረደ፣ በወላድ ላም ሊለውጥልኝ መስሎኝ መርቄ ሸኘሁት፣ በአራተኛው ቀን አህያ ላይ አንድ የብረት ሣጥን ጭኖ መጣ።

«ጊደሯስ?» አልኩት።

«ይኸውልሽ!» አለኝ ሣጥኑን እየደባበሰ።

ጣሊያን ጥሎት የሄደ ራዲዮ ነው አለኝ፣ የሚሰማም የሚናገርም፣ ባለቤቱ ነጋዴ ዶሮ ያስታቅፍበት ነበር። ክዳኑን ቢከፍተው ገለባ፣ ኩስ፣ አንድ የተሰነጠቀ እንቁላልና ሙሉ የአይጥ ቤተሰብ። እመኑኝ፣ አይጦቹ እንኳ ቅር ብሏቸው ነው የወጡት።

ከዚያ በኋላ ባል አልነበረኝም። የተበጣጠሰውን የመዳብ ሽቦ ቀርቀሃ ቁራጭ ላይ እንደ ፈትል ይጠመጥማል፣ ብረት በከሰል እያጋለ እርሳስ ያቀልጣል፣ ለማርያም ያስቀመጥኩትን ጧፍ ሰርቆ ሰሙን ሽቦው ላይ ያንጠባጥባል። ውስጡ የተተከሉ አምፖል መሰል ጠርሙሶች አሉ፣ ከእነሱ አንዱ ተሰብሮ ኖሮ እሱን ፍለጋ ዳንግላ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ከጣሪያችን እስከ ባሕር ዛፉ ረጅም ሽቦ ወጠረ፣ እኔ የልብስ ማስጫ ሠራልኝ ብዬ ጋቢውን ባሰጣበት «የዓለምን ድምፅ በእርጥብ ጋቢ አፈንሽው!» ብሎ ጮኸብኝ።

«ለመሆኑ በዚህ ከማን ጋር ልታወራ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ከማላውቀው ሰው ጋር። ወታደር ቤት እያለሁ እናወራ ነበር።»

«ምን ትባባላላችሁ?»

«ይሰማሃል ወይ? እለዋለሁ።»

«እሱስ?»

«ይሰማኛል፣ አንተስ ይሰማሃል ወይ? ይለኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቃ፣ ተሰማማን።»

ጊደሬ የሄደችው ለዚህ ነው።

የጊደሯ ወሬ አባቴ ዘንድ ሲደርስ ሐምሌ ላይ ፈረሳቸውን ጭነው መጡ። አባቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ፣ አማርኛ አይናገሩም፣ ስለዚህ በአማትና በአማች መሐል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«ይህ ሰው በዚህ የሬሳ ሣጥን ማንን ሊቀብርበት ነው?» አሉኝ በአገውኛ።

«ሣጥኑ ጠንካራ ነው ይላሉ አባባ» አልኩት ለሞላልኝ።

እሱ ደስ ብሎት «በዚህ ከዓለም ዳር ካለ ሰው ጋር መነጋገር እንደሚቻል ንገሪያቸው!» አለኝ። ነገርኳቸው።

«ከአማቱ ጋር መነጋገር ያቃተው ሰው ዓለም ዳር ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

«በርታ፣ ጥሩ ጀምረሃል ይላሉ።»

ሞላልኝ ዘሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አባቴ በድንጋጤ ወደ ኋላ አሉ፣ «ምን ነካው? ምን ብለሽው ነው?»

የመጨረሻዋን ግን ማለስለስ አልቻልኩም። «ለፍልሰታ ፍቺ እመለሳለሁ» አሉ፣ «ይህ ብረት እስከዚያ ካልተናገረ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ ከብት በቆሻሻ ከሚለውጥ ሰው ጋር ልጄ አትኖርም።» ይህችን እንዳለች ተረጎምኳት። ሞላልኝ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ እወደው ነበር፣ በዚያ ዘመን ሴት ባሏን እወደዋለሁ ብትል ያስቅባታልና ለማንም አልተነፈስኩም እንጂ አባቴ ቤት መመለስ ለእኔ እንደ መሞት ነበር።

በፍልሰታ መጨረሻ ሳምንት ጥገናው አለቀ። ከአንድ የጭነት መኪና ባትሪ ተውሶ ሞከረው፣ ጠርሙሶቹ ቀላ ቀላ አሉ፣ ባለመኪናው ግን ቸኩሎ ባትሪውን ነቅሎ ሄደ። በማግስቱ ሞላልኝ ማለዳ ዳንግላ ሊሄድ ተነሣ፣ ሲወጣም እንዲህ አለኝ፣ «ስምንት ድንጋይ ነው የሚበላው። እኔ ሳልመለስ ድንጋይ ካገኘሽ እንዳትጠብቂኝ፣ በዚህች መክተቻ ራስና እግሩን እያፈራረቅሽ ደርድሪና ይህን ቁልፍ ወደ ቀኝ አዙሪ።» ለካ ለአንድ ሹፌር ነግሮት ኖሯል፣ ምናልባት እሱ ቀድሞ ያደርስልሻል ማለቱ ነው፣ ለእኔ ግን ስለ ሹፌር ምንም አላለኝም። እኔ ባትሪ የሚባለውን አውቃለሁ፣ መኪና ላይ አይቼዋለሁ፣ ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ነው። ቆሰበር ድንጋይ ጠፍቶ ነው ዳንግላ ድረስ የሚሄደው እያልኩ ቀረሁ።

ረፋድ ላይ ጉሙ ወረደ፣ የደጁ አጥር እንኳ አልታይ አለ፣ ከጉሙ ውስጥ ፈረስ አናፋ፣ አባቴ ከቀጠሯቸው ሦስት ቀን ቀድመው ገሳቸውን እንደደረቡ ከች አሉ።

«ተናገረ?» አሉኝ ሰላምታ ሳይሰጡኝ።

«ድንጋይ ብቻ ነው የቀረው፣ አባባ» አልኩና ሮጬ ወንዝ ወረድኩ። ስምንት ለስላሳ ድንጋይ መረጥኩ፣ አጠብኳቸው፣ በነጠላዬ አደረቅኳቸው፣ መክተቻው ውስጥ ደረደርኳቸው። ያስቸገረኝ ራስና እግራቸው ነው፣ እናንተ የድንጋይ ራስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሾል ያለውን ራስ አልኩት፣ ድቡልቡሎቹን በግምት አስተኛኋቸው።

አባቴ ቆመው ያዩኛል። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«ድንጋይ እያበላሁት።»

«ለምን?»

«እንዲናገር።»

እንደዚያ ቀን በሐዘን አይተውኝ አያውቁም። «ልጄ፣ እብደቱ ተጋብቶብሻል» አሉኝ፣ «ተነሺ፣ ልብስሽን ሰብስቢ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን።»

እንባዬ እየወረደ ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞርኩት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ውጭ የተወጠረው ሽቦ ንፋስ ሳይኖር እንደ ንብ እም አለ። ቀጥሎ ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ቀሉ፣ ልክ ፍም እፍ ሲሉት እንደሚቀላ፣ ጨለም፣ ፈካ፣ ጨለም፣ ፈካ። ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ የዝናብ ድምፅ መጣ፣ ውጭ ሳይዘንብ፣ ከዝናቡም ውስጥ እግር ከጭቃ ሲነቀል እንደሚሰማው ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ አንድ ሰው እየተራመደ ወደ እኛ ይመጣል። ውሻችን ተነሣ፣ አልጮኸም፣ ጭራውን ወዘወዘ፣ ዘመድ ሲመጣ እንደሚያደርገው።

«ትርንጎ!» አለች አንዲት ሴት።

ትርንጎ እኔ ነኝ። በአገውኛ አጠራር፣ የእኛ ሰው ከጋራ ወደ ጋራ ሲጣራ እንደሚያደርገው መጨረሻዋን ጎትታ ነው የጠራችኝ። ያን ጊዜ በአገራችን ራዲዮ አገውኛ የሚናገር አልነበረም፣ ራዲዮ ያለው ሰው ራሱ በጣት የሚቆጠር ነው።

እኛ ዘንድ ጉም ውስጥ ስምሽ ሲጠራ ቶሎ አቤት አይባልም፣ ሰው ያልሆነ ነገር ከሁለት ጊዜ በላይ መጥራት አይሆንለትም፣ ሦስተኛ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው ይባላል። እኔ እንኳን በዚህ አላምንም፣ አፌ ግን አመነ፣ ተገጠመ።

«ትርንጎ!» አለች ደግማ።

ዝናቡ ብቻ። ከዚያ ሴትዮዋ ሌላ ስም ጠራች፣ በአማርኛ «ድንቡሼ» እንደ ማለት ያለ የሕፃን ስም፣ ይኼኔ እኚያ አገር የሚፈራቸው አባቴ፣ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ዘለው ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አቤት!» አሉ፣ በመጀመሪያው ጥሪ።

ማርያምን፣ ሳቄ መጣ፣ ፍርሃቴም መጣ። ከዚያ ወዲያ እኔ የምሰማው ዝናቡን ብቻ ነው፣ አባቴ ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እሺ» ይላሉ፣ ትንሽ ያዳምጡና «እሺ»፣ አሁንም «ኧረ እሺ፣ አልወስዳትም»። ጠርሙሶቹ ጠፉ። አባቴ ገሳቸውን ደረቡ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ «ከባልሽ ጋር ኑሪ» ብለው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ሞላልኝ ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ፣ ስምንት አጫጭር የብረት ዱላ መሳይ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ። መክተቻውን ከፈተና ድንጋዮቼን አየ። ወዳጆቼ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ነው የሳቀው።

«ድንጋይ ስልሽ ይህን ማለቴ እኮ ነው!» እያለ ብረቶቹን ያሳየኛል።

«ይኼማ ብረት ነው» አልኩት።

«ስሙ ድንጋይ ነው!»

«ታዲያ የእኔም ስሙ ድንጋይ ነው፣ ደግሞም ተናግሯል!»

የሆነውን ነገርኩት፣ ይበልጥ ሳቀ። እየሳቀ አንዱን የወንዝ ድንጋይ አነሣ፣ ሳቁ ቆመ፣ ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ሞቆ ነበር። «ምድጃ ዳር አስቀምጠሻቸው ነበር» አለኝ። ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ግን ባሌን ገና መልሼ ማግኘቴ ነው፣ ለድንጋይ ብዬ አልጣላውም።

የሱን ድንጋይ ከከተተበት በኋላ ራዲዮው ሠራ፣ ፉጨት፣ ታ ቲ ታ፣ የፈረንጅ ማጉተምተም፣ አንድ ቀን እንዲያውም የወታደር ቤት ጓደኛውን አግኝቶ ሙሉ ከሰዓት ይሰማሃል ሲባባሉ ዋሉ። አገውኛ የምትናገረዋ ሴት ግን አልተመለሰችም። አንድ ቀን ሞላልኝ ሳይኖር በድብቅ የእኔን ድንጋዮች ከትቼ ሞክሬያለሁ፣ አልዋሻችሁም፣ ዝም ነው ያለኝ።

አባቴ ያን ቀን የሰሙትን ለዓመታት አልነገሩኝም። የመጀመሪያ ልጄን ስድር፣ አረቄ ቀማምሰው፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነው የነገሩኝ።

«በዚያ ስም የምትጠራኝ ያሳደገችኝ አያቴ ብቻ ነበረች» አሉኝ፣ «ድምፁ የሷ ነው፣ ነገሩ ግን የሷ አልነበረም።»

«ምን አለችዎት?»

«ልጅቷን እዚያው ተዋት፣ የእኔ ናት አለችኝ። ሁለቱን ጠርቻታለሁ፣ ሦስተኛውን ሲመቸኝ እጠራታለሁ አለች።»

«እርስዎስ?»

«እሺ አልኳት። አያቴን እምቢ ብዬ አላውቅማ።»

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። ትዳሬን ያተረፈችልኝ ሴት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከሞላልኝ ጋር አርባ ዓመት አኑራኛለች፣ ለዚያ አመሰግናታለሁ፣ ግን ከዚያ ሠርግ ወዲህ በሦስተኛው ጥሪ አቤት ማለት ተውኩ፣ አራተኛውን ነው የምጠብቀው፣ ልጆቼ ደንቁራለች ብለው ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ ወስደውኛል፣ ሐኪሙም ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል ብሎ መለሰኝ።

አሁን በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሞላልኝ አረፈ፣ እኩዮቼ አለቁ፣ ለሰፈሩ ሁሉ እማማ ነኝ። ባለፈው ክረምት ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ጉም ወረደ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ በጣም ቅርብ፣ ለምሳ እንደሚጣራ ሰው ረጋ ብላ «ትርንጎ!» አለች አንዲት ሴት።

ጎመኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ፣ ሦስተኛውን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ይህቺ የጎረቤት ሴት ናት፣ ተሳስታ ነው አልኩና ቤት ገባሁ። የድሮዎቹን ሁለት ጥሪዎች ጨምሬ በጣቴ የቆጠርኩት ከገባሁ በኋላ ነው።