የቅዳሜው ጉሉኮስ

ነገሩ የጀመረው እናትየው ቅዳሜ ቅዳሜ መዘነጥ ስትጀምር ነው።

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሰውን በዓይኗ መለካት የለመደች፣ ጨርቅ እንኳ ገልብጣ ጀርባውን ሳታይ የማትገዛ። ወንድሞቿ «መርማሪዋ» ነው የሚሏት። እናትየው ደግሞ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤት መውጣት እርም ብላ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ ደረሰ ማለት ሻሿን አሳምራ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት በላይ ወደተከፈተው የጤንነትና የውበት ክሊኒክ ትሄዳለች። ስትመለስ ክንዷ ላይ ፕላስተር፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ።

«ምንድነው የሚሰጡሽ?»

«የቫይታሚን ጉሉኮስ። ጉልበት ይሰጣል። ደግሞ ያ ልጅ፣ እጁ ይባረክ!»

«የቱ ልጅ?»

«ነርሱ ነዋ። ጨዋ ልጅ ነው። ባታገቢው እንኳ አይተሽው ብትመለሺ አይጎዳሽም።»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። ብቻዋን የቀረችን ሴት በጣፋጭ ቃል እያባበለ የሚግጥ ጎረምሳ ታያት። ሰኞ ሱቋን ዘግታ ራሷ ሄደች።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ የተቀዳ የፏፏቴ ድምፅ ከጣሪያው ይወርዳል። ሰዎች ሰፋፊ የቆዳ ወንበሮች ላይ ተንጋለው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ከራሳቸው በላይ የተሰቀሉት ከረጢቶች ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። አንዱም የታመመ አይመስልም። ይሄ ራሱ አስጠረጠራት።

ነርሱ መጣ። ረጅም፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው የሚደብቀው ነገር አያጣም አለች በልቧ።

«የልብ ችግር አለብዎት? የኩላሊት? የሚወስዱት መድኃኒት?»

«የለም፤ ድካም ብቻ ነው።»

እጇን ይዞ ጣቶቿን አየ። «መርፌ የለመዱ ይመስላሉ።»

«የልብስ መርፌ ነው።»

ፈገግ አለ። እሷ ፈገግ አላለችም፤ ፊቷ ግን ሞቀ።

«እያመሹ ይሰፋሉ?»

«አንዳንዴ።»

ጎንበስ ብሎ፣ «እንግዲያው ይሄ አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎት እንቅልፍ ነው» አላት።

ለምን ሊሸኘኝ ፈለገ? ምን እንዳላይ ነው? «ያድርጉልኝ» አለች ድርቅ ብላ።

ደም ሥሯን ወዲያው አገኘው። ቅዝቃዜው በክንዷ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማት።

«ውስጡ ምንድነው?»

«ውሃና ጨው፤ ጥቂት ቫይታሚን፣ ጥቂት ማዕድን። ለጎደለው ሰው ይጠቅማል። ያልጎደለው አብዛኛውን በሽንት ያስወጣዋል።»

«ታዲያ ለምን ትሰቅላለህ?» ሳታስበው «አንተ» ብላው ነበር።

የጠብታውን ፍጥነት አስተካከለ። ከዚያ «ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ነው» አለ።

ይሄ ሰው ወይ በጣም ሐቀኛ ነው፣ ወይ ሐቀኛ መምሰል ያውቅበታል። ለማጣራት ደግማ ሄደች። ከዚያም ደግማ። እያደር ማጣራቱ ቀርቶ ከሥራ ሲወጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው መሄድ ጀመሩ፤ አንቱታውም ቀረ። አንድ ቀን ገበሩ የተቀደደ ኮት ይዞላት መጣ። እሱ እንደወጣ ኪሱን ፈተሸች። ከአንድ ማስቲካ በቀር ምንም የለም። አፈረች፤ ኮቱን ከሚገባው በላይ አሳምራ ሰፋችው።

ሊወስድ ሲመጣ ኪሱን ዳበሰና፣ «ማስቲካ ነበረኝ» አለ።

«አላየሁም» አለች እያኘከች።

ሁለቱም ሳቁ። የማን ልጅ እንደሆነች ግን አልነገረችውም። ስለ ክሊኒኩ አሮጊት ደንበኞች ባነሳች ቁጥር ዓይኑ ይሸሻል። ልቧ ወደ እሱ ባዘነበለ መጠን ጥርጣሬዋም ባሰ።

አንድ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ከሆስፒታል ስልክ ተደወለላት። እናቷ ክሊኒኩ ውስጥ ጉሉኮስ ተሰቅሎላት ሳለ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ የእናቷን ጫማ በእጁ ይዟል።

«ምን አደረግካት?»

«ሐኪሞች እያዩዋቸው ነው። ሳንባቸው ውሃ ይዟል፤ ልባቸው ደካማ ነው።»

«እናቴ መሆኗን ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ዓይናችሁ አንድ ነው።»

«ስትጫወትብኝ ነበራ!» ጫማውን ከእጁ ነጠቀችው። «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ንጹሕ ቢሆን ለምን ዝም ይላል? አለች ለራሷ። ቢሆንም እስኪሰወር ድረስ ጀርባውን አየችው።

እናትየው ትንፋሿ መለስ ሲልላት የኦክስጅኑን ጭንብል ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ልጅ የት ሄደ?» አለች።

«አባረርኩት።»

«አበድሽ እንዴ? እሱ እኮ አንድ ቀን እንኳ ሰቅሎልኝ አያውቅም! መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት እግሬን በጣቱ ሲጫነው ጎድጉዶ ቀረ። እማማ፣ ይሄ ለእርስዎ አደጋ ነው፤ የልብ ሐኪም ይይዎት አለኝ። እምቢ አልኩ።»

«ፕላስተሩስ?»

እናትየው እንዳጠፋ ተማሪ ዓይኗን ሰበረች። «ራሴ ነኝ የምለጥፈው። አባትሽ ሆስፒታል ገብቶ አልወጣም። እውነቱን ብነግርሽ ጎትተሽ ታመጪኝ ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ከሱ ጋር ሳወጋ ቀኑ ያልፍልኛል። ለልጄ እንዳትነግር ብዬ አስምዬዋለሁ።»

«ዛሬስ ማን ሰቀለልሽ?»

«አዲሷ ልጅ። ደንበኛ ትመልስብናለህ ብለው እሱን ትናንት አባረውታል። ስሰማ እልህ ያዘኝና ስቀዪልኝ አልኩ፤ ልብዎን ያምዎታል ወይ ስትለኝ፣ ምንም የለብኝም አልኳት። ትንፋሼ ሲያጥረኝ ለሱ ደወልኩ። ደግፎ በታክሲ እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው።»

ልጅቱ ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ብትደውልለትም ስልኩን አላነሳላትም። ጠይቃ አጠያይቃ ቁስል የሚያጥብበት ጤና ጣቢያ ሥራ መግባቱን ሰማች። ሄዳ ከበሽተኞች ጋር ተሰልፋ ተቀመጠች።

«ቀጣይ!» አለ ከውስጥ። ገባች። ጓንቱን እያወለቀ ቀና አለ፤ ደነገጠ።

«ምንሽን አመመሽ?»

«ምላሴን።»

ሊስቅ ቃጣውና ተወው። እሷም ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ግን አንተም ልትነግረኝ ይገባ ነበር። መሐላህን አውቃለሁ። እናቴ ብትሞትብኝስ?»

«እውነትሽን ነው። ይታከሙ ብዬ በመጡ ቁጥር ለመንኳቸው፤ ልመናው በቂ አልነበረም። ይሄ ነገር ከውስጤ አይወጣም።»

ይህን ሲል ዓይኑ አልሸሸም። ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ከውጭ አንድ በሽተኛ በሩን ባያንኳኳ ኖሮ እንዲያው እንደቆሙ ይመሹ ነበር።

ሥራውን ሲጨርስ አብረው ወጡ። እናትየው ከሆስፒታል ወጥታ መድኃኒቷን ጀምራለች፤ ጨው ቀንሺ በመባሏ ግን ከሰው ሁሉ ተኳርፋለች። የቤቷ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እሱ ቆመ፤ የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

«ማነው?» አለች እናትየው ከውስጥ።

«ባሌ የሚሆነው ሰው ነው፣ እማዬ!»

እሱ ገና አልጠየቃትም ነበር። ዞር ብሎ አያት። እሷ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። ቀስ ብሎ እጇን ያዘ።

«ታዲያ ደጅ ምን ያስቆመዋል?» አለች እናትየው። «ይግባ እንጂ!»