ጓንቱ የተማረው መልስ

የቀለጠው ድንጋይ ከሰሌዳው ወርዶ በዴስኮቹ ሥር መፍሰስ ሲጀምር፣ ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ሰቀሉ። ምስል ብቻ እንደሆነና እንደማያቃጥል ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ጫማን ከእሳት ማሸሽ የሰው ነገር ነው። መምህር ይልቃል ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጎ አየ። ከትምህርት ቢሮ የመጡት ወይዘሮ ሮማንም እግራቸውን ሰቅለዋል።

የመጡት ስለ መዲና ነው። መዲና መስማት አትችልም። እጇ ላይ የድምፅ ጓንት ታጠልቃለች፤ በምልክት የምትናገረውን ወደ ድምፅ ይለውጥላታል። መነጽሯ ደግሞ ሰው የሚለውን በጽሑፍ ያሳያታል። ይልቃል የምልክት ቋንቋ አያውቅም፤ ጓንቱ እያለ ምን ሊያደርግለት? ጎበዝ ናትና ወደ ከፍተኛው የሳይንስ ትምህርት ቤት ትዛወር ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው። ወይዘሮ ሮማን ዛሬ ካመኑበት በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች።

“ገባችሁ?” አለ።

“አዎ ቲቸር፣ ገብቶናል” አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

መዲናም እጇን አንቀሳቀሰች። ጓንቱ በለሰለሰ ድምፅ፣ “በደንብ ገብቶኛል፣ መምህር” አለ።

ይልቃልን ኩራት ኩራት አለው። እንግዳዋ ይበልጥ እንዲደነቁ ብሎ ጓንቱንና መነጽሩን ጽሑፍ ከሚያሳየው የክፍሉ ግድግዳ ጋር አገናኘ። ከላይ የተባለው፣ ከታች ማሽኑ የተረጎመው፣ በሁለት መስመር ይታያል።

“እስቲ መዲና፣ ድገሚልን።”

ደገመች። በላይኛው መስመር፣ “አልገባኝም። ድንጋይ እንዴት ይቀልጣል?” የሚል ወጣ። በታችኛው፣ “በደንብ ገብቶኛል፣ መምህር።”

ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው አመላለሱ።

“እንደገና” አለ ይልቃል።

እጆቿ ፈጠኑ። “ትናንትም ጠይቄ ነበር። ለምን አትመልስልኝም?” ከታች ግን፣ “ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ።”

ወይዘሮ ሮማን እግራቸውን ወደ ወለሉ መለሱ። “ተበላሽቶ ነው፣ አይደል?” አሉ፣ መውጫ ሊሰጡት ፈልገው።

“ምን ይበላሻል” አለ ዓሊ፣ የክፍሉ ቀልደኛ። “እኛም እንደሱ ነን እኮ።”

ተማሪዎቹ ሳቁ። ይልቃል አልሳቀም። ጓንቱ፣ ያጠለቀው ሰው ባይተዋር እንዳይመስል፣ የዋለበትን ክፍል አነጋገር እየሰማ መልስ እንዲመርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ሰማ? መስከረም ላይ ይኸው ዓሊ “አልገባኝም” ብሎ ሲነሳ፣ ይልቃል “ሳስተምር ጆሮህን የት ጥለኸው ነበር?” ብሎ አስቆበታል። መዲናም መነጽሯን አድርጋ እዚያው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ገብቶታል።

“ተበላሽቷል” ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያን ቢል ስሙ ይተርፋል፤ መዲና ግን ምንም ሳይገባት ወደ ማታውቀው ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

“አልተበላሸም” አለ። “ከእኔ ነው የተማረው። አሁን አይውሰዷት፣ እትዬ። ያስተማርኳት ነገር የለም።”

ይልቃል ወደ መዲና ሄዶ ዴስኳ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

“መዲና፣ ዓመቱን ሙሉ የምትይውን አልሰማሁሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

ቃሉ ግድግዳው ላይ ወጣ። ከሥሩም፣ እንደ ጓንቱ ሁሉ የክፍሉን አነጋገር የለመደው መነጽር ለእሷ ያሳያት ተከተለ፦ “መዲና፣ ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ ነበርሽ። በርቺልኝ።”

ሁሉም አነበበው። ይልቃል አንገቱ ድረስ ጋለ። ሌላ ቃል ቢፈልግ ማሽኑ ያንኑም አለስልሶ እንደሚያደርስለት ገባው፤ ስለዚህ አፉን ዘጋ፣ ፊቱን ግን አላዞረም።

መዲና መነጽሯን አውልቃ ዴስኩ ላይ አኖረችና ትኩር ብላ አየችው። ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ መሬት መሬት የሚያይ ዓይኑን ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ጓንቷንም አወለቀች።

ግድግዳው ላይ የታችኛው መስመር ባዶውን ቆየ። መምህር ሲያፍር ማሽኑ እዚያ ክፍል ውስጥ አይቶ ስለማያውቅ፣ የሚተረጉምበት ቃል አልነበረውም።