የእንጀራ እናት ውሃ

አቶ በፍቃዱ ልጃቸውን ባስመረቁ በማግስቱ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ውለው ሳይነጋ ሞቱ። የወናጎ ለቅሶ ዲላ ድረስ ተሰማ፤ ጓሮ ያለው ቡና እንኳ ደንግጦ አበባውን አራገፈ።

«እንጀራ እናቴ ናት የመረዘችው!» አለች ዲላ ተምራ የተመረቀችው ልጃቸው ሮሆቦት። ፖሊሶች እንጀራ እናቷን ሸዋነሽን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ኢንስፔክተር ግዛቸው ደረሰ። ይህ ሰው ገደብ ከተማ ቆሞ ዲላ የተዋሸ ውሸት ያሸታል። የድግሱን ድስት ገለጠና አየ፤ ከዚያ ታሞ ወደተኛው ጎረቤት፣ ወደ ባለሱቁ ኸይረዲን ዘለቀ።

«ጋሽ ኸይረዲን፣ ሥጋው ይሆን?»

«ወላሂ አልነካሁም! የእናንተን እርድ መች በልቼ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምን ቀመሱ?»

«ምንም። ልጅቷ ቆጮ በጎመን ጠቅልላ አጎረሰችኝ። የተመራቂ ጉርሻ እምቢ ይባላል? ይኸው አንጀቴ ወጥቶ አለቀ!»

ወደ ሸዋነሽ ተመለሰ። «አንቺስ ጎመኑን በልተሻል?»

«ድስቱን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ደህና ነኝ።»

«ሮሆቦት አላጎረሰችሽም?»

ሸዋነሽ የማያስቅ ሳቅ ሳቀች። «እኔን? የእጅ ውሃ እንኳ አልተቀበለችኝም።»

ግዛቸው ሁሉንም የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበ። ኸይረዲን በሰው ተደግፎ መጣ።

«መርዝ የለም» አለ ግዛቸው። «ሥጋው ቢሆን ጋሽ ኸይረዲን ባልታመሙ። ጎመኑ ቢሆን ሸዋነሽ በወደቀች። የታመሙት ሁሉ ከአንድ እጅ የጎረሱ ናቸው። ሮሆቦት፣ ዲላ ታመሽ ነበር?»

«በተከራየነው ቤት ሁላችንንም ሲያስመልሰን ነበር። ግን እኔ ድኜ ነው የመጣሁት!»

«ይህ የሆድ ቫይረስ ነው። ሰው ከዳነም በኋላ ለቀናት ከሆዱ ይወጣል። ከመጸዳጃ ቤት ስትመለሺ እጅሽን ታጠብሽ?»

«ሳኒታይዘር ተቀብቻለሁ!»

«አልኮል እሱን እምብዛም አይነካውም። በውሃና በሳሙና ታሽቶ ነው የሚሄደው። ሸዋነሽ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትቀርብሽ ምን አልሻት?»



«ከአንቺ እጅ ውሃ አልፈልግም አልኳት» አለች ሮሆቦት። «ከዚያ... አባቴን አጎረስኩት። ሦስቴ። አንዱ ያጣላል ብሎ።»

ፖሊሶቹ ሸዋነሽን ለቀቁ። እሷ ግን ወደ ቤት አልገባችም፤ ያንኑ ማንቆርቆሪያና ሳሙና አመጣች።

«ነይ ልጄ፣ እጅሽን ዘርጊ።»

ሮሆቦት ዘረጋች። ውሃው በጣቶቿ መሃል ወረደ።

«አሁን» አለች፣ «ማንን ላጎርስበት?»

ሸዋነሽ ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ ድረስ አፈሰሰችላት።