ስልሳ አራት ዲግሪ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የእርሻው አለቃ የወይን ልጣጭ የተከመረበትን ኮምፖስት ሊያገላብጥ መንሹን ሲሰካ ብረቱ ለስላሳ ነገር ያዘ። ሲስበው የሰው ክንድ ወጣ። ሠራተኞቹ እየጮኹ ቆፍረው ያወጡት የእትዬን አማች ነበር፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈልጦ፣ ደሙና የወይኑ ዝቃጭ ፊቱ ላይ ተጋግሯል።

እትዬ የወይን እርሻውና የመጥመቂያው ባለቤት ናቸው። ሟቹ ልጃቸውን ካገባ ወዲህ መርዝ መርጨት አስቁሟቸው፣ አረሙን በበግ እያስጋጠ፣ መሬቱን በኮምፖስት እየመገበ ሦስት ዓመት አርሷል። አፈር ውስጥ ትል ባየ ቁጥር ልጅ እንደተወለደለት ሰው ስለሚፈነጥዝ ሠራተኞቹ «የትል አባት» ይሉት ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑን መጭመቂያ ቤቱ ወለል ላይ አጋድመውታል። ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች፤ ሦስት ምት ነው። ከሸሚዙ ኪስ የራሰ ወረቀት አውጥታ አነበበችና ያዘችው።

«ገላው ትኩስ ነው፤ ክንዱም እግሩም ገና አልደረቀም» አለ ወጣቱ ሐኪም። «ሲነጋጋ ነው የተገደለው።»

«ሲነጋጋ እዚህ ማን ነበር?»

ዓይን ሁሉ አለቃው ላይ አረፈ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ ነበርኩ፤ በጎቹን ሳወጣ። ግን እሱን እኮ እንደ ልጄ ነው የማየው!»

የእትዬ የበኩር ልጅ፣ ወይን ጠማቂው፣ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይን ጭኜ ከተማ ወርጄ፣ አሁን መግባቴ ነው። ይኸው ደብተሩን እዩት፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ የክምሩን ሙቀት ለክቷል።»

ሟቹ ጠዋትና ማታ የሚሞላው ደብተር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። የመጨረሻው መስመር «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ስልሳ አራት ዲግሪ» ይላል።

መርማሪዋ አለቃውን አስከትላ ወደ ክምሩ ሄደች። እጇን ብትሰድ አቃጥሏት መለሰችው።

«እንቁላል ይቀቅላል እኮ» አላት አለቃው።

«በምንድነው የሚለካው?»

ሽማግሌው ከካፖርቱ ውስጥ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ረጅም የሙቀት መለኪያ አወጣ። «በዚህ ነበር። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰብሮበት ‹እስቲ ልትጠግነው ሞክር› ብሎ ሰጠኝ። እኔ ጋ አደረ።»

«ሌላ አለ?»

«የለም።»

ማሳውን ዞረች። በወይኑ መደዳዎች መካከል ሣሩ እስከ ጉልበት ለምልሟል። ከግቢው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ በላይ ባለው ማሳ ግን እሳት እንደነካው ቢጫ ሆኗል።

«ይኼን በግ አልበላውም። የማን ማሳ ነው?»

«የጠማቂው። ማንንም አያስደርስም።»

የሟቹ ሚስት በእናቷ ክፍል ተኝታለች። የአምስት ወር ጽንስ ከወረደባት ሁለት ሳምንቷ ነው።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ከእማዬ ጋር ጤና ጣቢያ ነበርን፤ ሲመሽ ተመለስን» አለች። «በመከር ጊዜ መጭመቂያ ቤት ነው የሚያድረው። ስለዚህ የት ነው ሳልል አደርኩ።»

እኩለ ቀን ላይ መርማሪዋ ሁሉንም አስከሬኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ክምሩን አላየም» ብላ ጀመረች። «እዚያ ውስጥ ያደረ ሬሳ አይበርድም። ሙቀቱ የሬሳውን መድረቅ ቶሎ አምጥቶ ቶሎ ይወስደዋል። ስለዚህ ሲነጋጋ ላይሆን ይችላል።»

«ደብተሩስ?» አለ ጠማቂው።

«መለኪያው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተሰብሯል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በምን ለካ? መስመሩን የጻፈው መሰበሩን ያላወቀ ሰው ነው። አለቃው ያውቅ ነበር። እትዬና ልጃቸው ጤና ጣቢያ ነበሩ። ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ታችኛው ማሳ ወይን ሲለቅሙ ውለዋል። ግቢው ውስጥ ከሟቹ ጋር የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከዚያ የራሰውን ወረቀት ዘረጋች። «የጉድጓዱ ውሃ ምርመራ ውጤት ነው፤ ፀረ አረም ተገኝቶበታል። ላይኛውን ማሳ በድብቅ ረጭተው፣ መርጫውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲያጥቡ ኖረዋል። ጽንሱን ያስወረደው ይህ ነው ብዬ አልምልም። ሟቹ ግን እንደዚያ አምኗል።»

«ወንድም ጋሼ?» አለች እህቱ።

«የአባታችንን ወይን አረም ሲውጠው ዝም ብዬ ልይ?» ጮኸ ጠማቂው። «‹ልጄን ገደልከው› ብሎ አነቀኝ። አካፋው እጄ ላይ ነበር!»

«ከኋላ ነው የተመታው» አለች መርማሪዋ። «የመጀመሪያው ጥሎታል። ሁለቱን ለምን ጨመርክ?»

ጠማቂው ወደ በሩ አፈገፈገ። እህቱ ከጠረጴዛው ላይ የመግረዣ መቀስ አንስታ ተወረወረችበትና ትከሻው ላይ ሰካችው። ነቅላ ስትደግም መርማሪዋ እጇን ጠምዝዛ መቀሱን አስጣለቻት። ደሙ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

«እማዬ፣ እሰሪልኝ» አለ ትከሻውን ጨብጦ።

እትዬ ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈቱ። እጁን ዘረጋላቸው። በአጠገቡ አልፈው ወለሉ ላይ ተንበረከኩና የአማቻቸውን የተፈለጠ ራስ ቀስ ብለው አሰሩት።