ጎመኔ ላይ የተተከለው ሽቦ

ሽቦው የቆመው እኔ ጓሮ ነው፤ ጎመኔ ላይ። ስለ እሱ ግን እኔን የሚጠይቅ የለም። መምህር ጸጋዬ ሲመጣ ለእኔ ሰላምታ ብቻ፤ ወሬው ሁሉ ከልጄ ልጅ ከሜሮን ጋር ነው። የዚያን ቀን ቀትር ላይም ሜሮን ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ክው ብላ አየኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም እምዬ። ብነግርዎትም አይገባዎትም።»

አይገባኝም እንግዲህ! ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮ አለኝ። መምህሩ ዝቅተኛ ሞገድ የሚለው የሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ከላይኛው አየር ጋር እየተላተመ ይመጣል። ሽቦው ይቀበለዋል፤ ኮምፒውተሩ መስመር አድርጎ ይስለዋል። የላይኛው አየር ሲለወጥ መስመሩም ይለወጣል። መሬት ከመንቀጥቀጡ በፊት እንዲያ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የለም የሚሉም አሉ። መብራትና ወፍጮ ስለሚረብሸው ነው ከትምህርት ቤቱ አውጥተው ጎመኔ ላይ የተከሉት።

ለሌሎቹ ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ ጨዋታ ነው። የሜሮን ወንድም እሸቱ ግን አዋሽ በኩል ቆላ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል፤ መሬቱ ደጋግሞ በሚንቀጠቀጥበት አገር። ባለፈው መስመሩ ወርዶ ብታይ ደወለችለት። ልጁ ሥራውን ጥሎ መጣ። ለካስ ጎረቤታችን አንዳርጌ ዓርብ ገበያ ሲወጣ አህያውን የሽቦው ምሰሶ ላይ አስሮት ኖሯል! አህያው ጎትቶ ሽቦውን አርግቦታል። መንደሩ «የአህያ ነቢይ» አላት። እሸቱ ሲመለስ ሥራውም ማደሪያውም በሌላ ሰው ተይዟል። አሁን የሚያድረው ግድግዳው በተሰነጠቀ የብሎኬት መጋዘን ውስጥ ነው። «ሰው ሁሉ ሙድ ያዘብኝ። ሁለተኛ ስለ ሽቦሽ እንዳትደውይልኝ» ብሏታል።

መስመሩ ያን ቀንም እንደ ባለፈው ወርዶ ኖሯል። ሜሮን ተነሥታ ወደ ምሰሶው ሄደች። አህያ የለም። ሽቦውን በጣቷ ነካችው፤ ተወጥሯል። ምነው አህያ ታስሮበት በነበረ ስትል ከፊቷ ታወቀኝ።

ለመምህሩ ደወለች። ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

«ፀሐይም እንዲህ ታደርገዋለች፣ መብረቅም። በአንድ ሽቦ ምንም ማለት አንችልም። እኔም አላውቅም ሜሮን።»

ኮምፒውተሩን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ለእሸቱ አትደውይም?»

«ምን ልበለው እምዬ? ብደውል ደግሞ ውሸታም ነኝ። ባልደውልና መጋዘኑ ቢወድቅበትስ? ምነው ባላየሁት!»

እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት። መሬትን ማን ተይ ይላታል?

«ይንቀጠቀጣል አትበይው። አይንቀጠቀጥም አትበይው። ያየሽውን ንገሪው፣ የቀረውን አላውቅም በይው። ዛሬን ደጅ እደር በይው።»

«ቢሰድበኝስ?»

«ይሳደባ! ስድብ እንደ ብሎኬት አናት አይፈነክትም።»

ቁጥሩን ነክታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የመጣው የዚያች የማትሰለች ሴትዮ ድምፅ ነው፦ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም። ሜሮን ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው፤ እኔ እንደምጠግነው ሁሉ።

«ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል» አለች።

«ይሆናል።»

ሁለታችንም ባትሪውን አልነበረም የምናስበው። ፀሐይዋ አዘንብላ የምሰሶው ጥላ ጎመኑ ላይ ረዝሟል። ሜሮን ስልኩን ልታስቀምጠው ስትል እጇን ያዝኳት።

«እዚሁ አጠገቤ ተቀመጪ። ሁለተኛ ለእኔ ‹ምንም፣ አይገባዎትም› አትበይኝ። እስኪያነሣ ደውይ። ድገሚ አልኩሽ!»