ሁለቱም አልፈዋል

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ተረት የማውራት ልማድ የለኝም፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። ያየሁትን እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት። ቦታው የተራራ ብስክሌት ውድድር የመጨረሻው ጣቢያ... አንድ ድንኳን፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ አንድ ራዲዮ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጉሙ ግን ወርዶ መንገዱን ውጦታል።

ሥራዬ ስፌት ነው። ለብስክሌተኞች ስፖንጅ ያለው ቁምጣ እሰፋለሁ፣ ኮርቻም አለብሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲቧጥጥ የዋለ ሰው የሚሸነፈው በእግሩ አይደለም፣ በመቀመጫው ነው። እርጥብ ቁምጣ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ በየዓመቱ እዚያ ያስቀምጡኛል። ከየሻንጣቸው ደረቅ ቁምጣ እየሰጠሁ አሳልፋለሁ።

የለበሱትን ቁምጣ አገላብጬ ሳይ ሰውየውን አውቀዋለሁ። ስፖንጅ አይዋሽም።

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የግራ እግሩ አጠር ይል ነበር። የሰፋሁለት ሁሉ በግራ በኩል ይሰረጉዳል። ግራውን አወፍሬ ብሰፋለትም ያው ነው።

ባለፈው ዓመት ከዚህችው ጣቢያ አልፎ፣ መድረሻው ሊታየው ሲል፣ ገደል ገባ። በገዛ እጄ አፈር መልሼበታለሁ።

ውድድሩ የጥንድ ነው። ሁለት ሰው አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይደርሳል። በየጣቢያው ሁለቱም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ሌላው እዚያው ይቀራል። ደንቡ ይሄ ነው።

አማቼ የሚወዳደረው ከልጄ ጋር ነበር። ጥንድ ተብለው። እሱ ቀድሟት ይፈተለካል፤ ጣቢያ ሊደርስ ሲል ይቆምና ይጠብቃታል... ለእጇ ብቻ። ለሌላ ነገር ጠብቋት አያውቅም። የሞተ ዕለትም ቀድሟት ነው።

ዘንድሮ ልጄ እወዳደራለሁ አለች። በሱ ብስክሌት።

"ተይው ልጄ" አልኳት።

"አባዬ፣ ያልተጨረሰ ነገር እንቅልፍ አይሰጥም።"

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሺ አልኩ። ግን ጥንዷ ፌንጣ እንድትሆን አደረግሁ። ፌንጣ የምንላት የጎረቤታችንን ልጅ ነው። እግሯም ምላሷም አያርፍም። አጠገቧ ዝም የማይል ሰው ይሁን ብዬ ነው።

ለሁለቱም እኔ ጋ ሲደርሱ የሚቀይሩት አዲስ ቁምጣ ሰፋሁላቸው።

እና ያ ቅዳሜ... ራዲዮው ተንጫጫ። ከኔ በታች ያለውን ጣቢያ የሚጠብቀው መካኒክ ነው።

"አባባ፣ ልጅዎ አልፋለች።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም አልፈዋል። እጃቸውንም አሳርፈዋል። ግን ያቺን ፌንጣ ምን አበላችኋት? ትንፍሽ አላለችም እኮ።"

"ዳገቱ አፏን ዘግቶት ይሆናል" አልኩ። ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ ከጉሙ ውስጥ የእርዳታ መኪናው ብቅ አለ። በሩ ተከፈተ።

የወረደችው ፌንጣ ናት።

እጇ በፋሻ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"መሬቱን ሳምኩት አባባ። አልተዋደድንም።"

"የት ነው የወደቅሽው?"

"ገና ከመነሻው። አንድም ጣቢያ ሳልደርስ ተከነበልኩ።"

ራዲዮውን አየሁት።

"ልጄስ?"

ፌንጣ መሳቋን ተወች። ወደኔ ጠጋ አለች።

"አብራኝ ልትመለስ ነበር። ከዚያ... ወደ ኋላዋ ዞራ 'እሺ' አለች። ሄደች።"

"ማንን ነው እሺ ያለችው?"

"እኔ እንጃ። ሰው አልነበረም አባባ።"

ራዲዮውን አነሳሁ።

"ስማኝ... ያቺን ሁለተኛዋን፣ ፊቷን አይተሃል?"



"ጉም ነበር አባባ። እጇን ነው ያየሁት።"

"እና?"

"ትልቅ እጅ ነው። ሲያርፍ ጠረጴዛው ሲጢጥ አለ... እንጃ፣ የሴት እጅ አልመሰለኝም።"

ዘጋሁት።

የልጄን ሻንጣ ከሌሎቹ መሀል ፈልጌ ፈታሁ። ጠዋት የሁለቱንም በእጄ የቋጠርኩበት ነው። የሷ ቁምጣ እንዳጠፍኩት አለ። ከሥሩ ለፌንጣ የሰፋሁት... ማንም እግሩን ያላስገባበት።

ስፖንጁን ዳበስኩት።

ሞቋል። ከሰው ላይ አሁን እንደወለቀ።

በግራ በኩል ሰርጉዷል።

ፌንጣ አየችኝ። "ምን ሆኑ?" አለች። ሻንጣውን መልሼ ቋጠርኩት።

ያኔ ድምፁን ሰማሁ። ጎማ ጠጠር ሲያደቅ... ሰንሰለት ሲሽከረከር... ቆም ብዬ አዳመጥኩ።

ሁለት ሰንሰለት ነው።

ከጉሙ የወጣችው ግን ልጄ ብቻ ናት።

ፈገግ ብላለች። ዓመት ሙሉ ጥርሷን አላየሁትም ነበር። ወረደች። ጠረጴዛው ጋ መጥታ በቀኙ ጫፍ ቆመች፤ ከጎኗ ቦታ ተወች። እጇን አሳረፈች።

ጠረጴዛው አንዴ ሲጢጥ አለ።

ቆየና... አንዴ ደገመ።

"አባዬ፣ አሳልፈን" አለች በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"ታውቀዋለህ።"

"እኔ የማየው አንድ ሰው ነው።"

"ዛሬ እኮ ጠበቀኝ አባዬ። በየመታጠፊያው ቆሞ ጠበቀኝ።"

አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። በቁሙ የነፈጋትን ከሞተ በኋላ ሊሰጣት መጣ።

ከኔ ጣቢያ ቀጥሎ ያለው መንገድ በዚያ ገደል አፋፍ ነው የሚያልፈው። እሱ በሄደበት። ልጄን ለሙት አልድርም።

"ደንብ ደንብ ነው" አልኳት። "ጥንድሽ ያቻት፣ እጇን አስራ ተቀምጣለች። ያንቺ ውድድር እዚህ አለቀ።"

"አባዬ..."

"አለቀ አልኩ።"

አልጮኸችም። ወደ ጎኗ ዞራ ትንሽ ቆየች... የሆነ ነገር እንደምታዳምጥ። ከዚያ ብስክሌቱን ለቀቀችልኝ።

መኪናው ላይ ጫንኩት። እኔና ልጄ ከሹፌሩ ጎን ገባን። ፌንጣ ከኋላ ብቻዋን ተቀመጠች።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ልጄ ጆሮዬ ሥር መጣች።

"እስከ መድረሻው ብቻ ነበር አባዬ።"

"ምኑ?"

"አብሮኝ የሚሄደው። መስመሩን አልፎ ሊያርፍ ነበር። እዚያ እሰናበትሻለሁ ብሎኝ ነበር... አንተ መሀል መንገድ ላይ አስቆምከው።"

በመስኮቱ ወደ ጉሙ አየሁ።

"አሁን የት ይሂድ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ከኋላ የፌንጣ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ።

"አባባ... ጠበበኝ።"

ዞር ብዬ አየሁ። ለሦስት ሰው የሚበቃ ወንበር ላይ ናት። ከበሩ ጋር ተጣብቃለች።

ፌንጣ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አትረግጥም። ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ውድድሩም ቀረ። የገደሉ መንገድ ተንዶ ዘጉት። መድረሻ የሚባል ነገር የለም።

ልጄ አትበላም ማለት ይቀላል። አትወጣም። ሳሎን ውስጥ እኔ የሰፋሁት ስፖንጅ ያለበት ረጅም አግዳሚ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቀኙን ጫፍ ይዛ ትቀመጣለች። ታወራለች። እኔ ስገባ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ብቻ ቀና ብላ "ደክሞታል" አለችኝ።

ልጄን ከሞት አስቀረሁ ብዬ ነበር። ያስቀረሁት እሱን ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ልጄ ጓዳ ነበረች። ውሃ ስትቀዳ ይሰማኛል። ሳሎኑ ባዶ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጎንበስ አልኩ፣ የጫማዬን ክር ልፈታ።

ከአጠገቤ ስፖንጁ ተነፈሰ።

ቀስ ብሎ ወረደ... በግራ በኩል።

አልተነሳሁም። ወዴት እሄዳለሁ? ቤቴ ነው።

ከዚያ ፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ሲጢጥ አለ። እጅ ሲያርፍበት እንደሚለው።

ገባኝ። እጄን ከጎኑ አሳረፍኩ። እንጨቱ ይቀዘቅዛል።

"እለፍ" አልኩት። "አሳልፌሃለሁ። ሂድ።"

ጓዳ ያለው ውሃ ቆመ።

ጠበቅሁ...

ስፖንጁ አልተነሳም።