ሁሉንም በር የከፈተው አማቼ

ቤታችሁ ራውተር ያላችሁ ሁሉ፣ እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ያቺ ሳጥን አንቴናዋን ገትራ መደርደሪያ ላይ እስከተቀመጠችና ኢንተርኔቱ እስከሠራ ድረስ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አቧራዋን እንኳ ማን ያብስላታል? እኔም ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ እሷ የማውቀው አረንጓዴ መብራቷ ከበራ ደህና መሆኗን ብቻ ነበር። በልጄ ቤት የደረሰው ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለምና እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ከትልቋ ልጄ ጋር ነው። ልጄ የሴቶች ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራውም እዚያው ቤታችን፣ ፀሐይ በደንብ በሚገባው ክፍል ውስጥ ነው። በአንድ በኩል የስፌት መኪናዋና የመቁረጫ ጠረጴዛዋ፣ በሌላ በኩል ረጅሙ መስታወት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የልጅ ልጄ አልጋ አለ። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የሕንፃችን ሴቶች ናቸው። በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ ልብሳቸውን አውልቀው፣ እየተሳሳቁ ይለካሉ። ባሏ እንኳ እቤት ሲሆን ሳያንኳኳ አይገባም።

ባሏ፣ አማቼ ማለት ነው፣ ፋርማሲስት ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሳልናገር ወደ ጥፋቱ ብሄድ ግፍ ይሆንብኛል። አንዲት አመል ግን አለችው፤ ሽቦ ያለው ዕቃ ካየ እጁ አያርፍም። የሕንፃው ሰው «ኢንጂነር» ይለዋል። የአንዱ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ የሌላው ቴሌቪዥን አልከፍት ሲል እሱ ይጠራል፤ እሱም እራቱን ጥሎ ይሮጣል። «አይዟችሁ፣ ቀጥ አደርገዋለሁ!» ማለት ነፍሱ ነው።

ሕፃኗ ስትወለድ፣ ሥራ ቦታው ሆኖ ሊያያት ፈለገና ካሜራ ገዝቶ ከአልጋዋ በላይ ሰቀለ። አንገቷን ወዲህና ወዲያ የምታዞር ካሜራ ናት። እቤት ሲሆን ልጁ በስልኩ ወለል ብላ ታየችው፤ ከቤት ሲወጣ ግን ምንም የለም። ምክንያቱን ቆይታ ያስረዳችኝ የኔትወርክ ባለሙያ የሆነችው ትንሿ ልጄ ናት። ራውተር፣ ፖርት የሚባሉ የማይታዩ በሮች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ዝግ ናቸው። የግድ ካስፈለገ ለካሜራዋ የሚሆነውን አንዱን ብቻ፣ እሱንም ተጠንቅቆ መክፈት ይቻላል።

አማቼ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ሲፈልግ ሰለቸው። ሰለቸውና ሁሉንም ወደ ካሜራዋ በረገዳቸው። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን፣ ማንም የሚያውቀውን ፓስወርድም እንዳለ ተወው።

ትንሿ ልጄ አንድ እሁድ ልትጠይቀን መጥታ፣ የራውተሩን ገጽ ከፍታ ይህን ስታይ ጮኸች።

«ኧረ በናትህ! ሁሉንም ነው እንዴ የከፈትከው?»

«ይሠራል አይደል?» አላት ፈገግ ብሎ።

«መሥራቱንማ ለዓለም ሁሉ ነው የሚሠራው! ማንም ከየትም ሆኖ ሊገባ ይችላል እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ማካበድ ትወጃለሽ! እኛ ምን አለንና? የሕፃን እንቅልፍ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? የሁሉንም ሰው ቤት እንዲህ ነው ያስተካከልኩት፤ እስካሁን አንድም ሰው አቤት አላለኝም።»

እሷ ልትቀጥል ስትል «ብይ እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ» ብሎ አለፋት። ምክሯን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ከዚያ ወዲህ ብዙም አልቆየ። አንድ ጠዋት ላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ለወንድሟ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ መጣች። እኔ የሕፃኗን ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ነርሷ በውስጥ ልብስ ብቻ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ልጄ ወገቧን እየለካች ሳለ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ሰማን። ካሜራዋ ከሕፃኗ ላይ ቀና አለች፤ በእኔ በኩል አልፋ ዞረችና ነርሷ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ነርሷ።

«የሕፃኗ ካሜራ ናት... ባለቤቴ ልጁን ሊያይ...» ብላ ጀመረችና ልጄ አፏን ይዛ ቀረች።

«ባልሽ ነው የሚያየኝ?»

ደሜ ፈላ! በእጄ የያዝኩትን የሕፃን ልብስ ካሜራዋ ላይ ጣል አደረግኩት። ከሥሩም ጥዝዝ ማለቷን አልተወችም። ልጄ ለባሏ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አሁን ካሜራውን ያዞርከው አንተ ነህ?»

«እኔ? ሰው ተሰልፎብኝ መድኃኒት እየሰጠሁ ነው እኮ! ስልኬን ገና አሁን ማንሳቴ ነው። ምን ሆናችሁ?»

ነርሷ አላመነችውም። ልብሷን ገልብጣ ለብሳ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ልጄን ዞር ብላ «አንቺን እኮ አምኜሽ ነበር» አለቻት። ልጄ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ትንሿ ልጄ ተጠርታ እየሮጠች መጣች። ላፕቶፗን ከፍታ ጥቂት ነካካችና ፊቷ ተለዋወጠ። «አሁንም የማናውቀው ሰው ካሜራዋ ውስጥ አለ» ብላ ሽቦውን ነቀለችው። ሰውየው ማን ነው? የት ሆኖ ነው? ከመቼ ጀምሮ ሲያየን ኖሯል? እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ወሬው ግን ከምኔው ደረጃውን ወጥቶ ወረደ፤ የልብስ ሰፊዋ ባል ሴት ስትለብስ ያያል ተባለ። አንዷ ጨርቄን መልሱልኝ ብላ ላከች፤ ሌላዋ ስልክ አላነሳም አለች። የስፌት መኪናው ጭጭ አለ። ልጄ ባዶ እጇን ተቀምጣ ሳያት አንጀቴን በላችው፤ በዚያ መኪና ነው እኮ ራሷን ያቆመችው።

አማቼ ከሥራ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ ክው አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ግን ደስ አላለኝም።

«እኔ እንዳላየሁ እናንተ ታውቃላችሁ። በቃ፣ ተነቅሏል። ወሬውም ራሱ ይበርዳል።»

«አይበርድም!» አለችው ልጄ። «ልብሳቸውን ያወለቁት እኔን አምነው ነው። ሌላ ሰው አይቷቸው ከሆነ ማወቅ አለባቸው። ደግሞስ የእነሱ ቤት? በየቤቱ እየገባህ በሩን የበረገድከው አንተ አይደለህ?»

ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔም የአስተማሪነቴ ነገር ሆኖብኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ልጄ፣ በሽተኛ መጥቶ አንድ መድኃኒት ፈልግልኝ ቢልህ፣ መፈለጉ ሰልችቶህ የመጋዘኑን ቁልፍ ትሰጠዋለህ?»

«እንዴት ተደርጎ፣ እማማ!»

«ታዲያ እዚህ ምን አደረግህ?»

አንገቱን ደፋ። «ማወቁ ሰለቸኝና የማውቅ መሰልኩ» አለ።

እሰይ! ከዚህ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ትንሿ ልጄ አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረችው፤ እሱም እንደ ጀማሪ ተማሪ እየጠየቀ ተማረ። ወደ ውጭ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋ። የራውተሩንም የካሜራዋንም ፓስወርድ ለወጠ፤ የራውተሩን ሶፍትዌርም አሳደሰ። ካሜራዋ ከስፌቱ ክፍል ለሁልጊዜው ወጣች። ከዚያም ቀድሞ የረዳቸውን ሰዎች በር በየተራ ሊያንኳኳ ተነሳ። ብቻውን ቢሄድ በር እንዳይዘጉበት ብዬ እኔም ተከተልኩት።

በየደረሰበት እንዲህ ይል ነበር፦ «ካሜራውን ያዞርኩት እኔ አይደለሁም። ያዞረው ሰው የገባበትን በር የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ። የእናንተንም ቤት እንደዚያው ትቼዋለሁ፤ ላስተካክል ነው የመጣሁት።»

አንዳንዱ ሰደበው፤ ዋጠው። አንዳንዱ ደግሞ «ይሠራ የለ እንዴ፣ ምን አስጨነቀህ?» አለው። «እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው» እያለ ቁጭ ብሎ አስረዳ።

በመጨረሻ ነርሷ ቤት ደረስን። እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«እሺ፣ ግቡ» አለች። «ግን አንተ ምንም አትነካም። ንገረኝ፣ ራሴ እነካዋለሁ።»

እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ነገራት፤ እሷ ስልኳን ይዛ ሠራች። የራውተሩን ገጽ ከፈተች፣ እሱ ቀድሞ የበረገደውን ቦታ አገኘችና ዘጋችው። እጇ ፈጣን ነው፤ አንድም ነገር ሁለቴ አላስነገረችውም።

«አሁን አዲስ ፓስወርድ ጻፊ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ዞር በላ!»

አማቼ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔም አብሬው ዞርኩ። ጽፋ እስክትጨርስ ሁለታችንም እንደዞርን ቆምን።

«ጨርሻለሁ» አለች በመጨረሻ። ወደ እኔም ዞር ብላ «ለልጅዎ ይንገሩልኝ፤ ነገ መጥቼ ቀሚሱን እለካለሁ» አለችኝ።

እናንተም ዛሬውኑ ራውተራችሁን እዩት። ያልገባችሁን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ሊረዳችሁ የመጣውንም ሰው ምን ከፈትክ፣ ለምን ከፈትክ በሉት። ፓስወርድ ስትጽፉ ደግሞ ዞር በል ለማለት አትፈሩ፤ የሚያከብራችሁ ሰው ይዞራል።